የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሠራዊቶች ምልምል ያጡት ለምንድን ነው?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት አንድ ጉዳይ የሚያነሡ ሆነው አግኝተናቸዋል፤ ይኸውም ወታደሮቻቸውን በፈቃደኝነት የሚመለምሉ ሀብታም አገሮች የሚፈልጉትን ያህል ሰው ማግኘት ለምን እንደተሳናቸው ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አዋሕደን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ታላላቅ የሚባሉ ሠራዊቶች የሰው እጥረት ገጥሟቸዋል ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ደመወዙ፣ ሕክምናው፣ የነጻ ትምህርት ዕድሉና ጡረታው ሲታይ ግን ለአንድ ሥራ ፈላጊ ወጣት የሚጠላ አይመስለኝም። ወጣቱ አገሩን መውደድ ትቶ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለ? (አንድ የታሪክ መምህር)

መልስ፦ የአገር ፍቅር ቀንሷል የሚለው ማብራሪያ በየመድረኩ የሚዘወተር ቢሆንም ቁጥሮቹ አይደግፉትም። የአሜሪካን ምድር ጦር ለአብነት እንውሰድ። አሜሪካ የግዳጅ ምልመላን ትታ ሙሉ በሙሉ ወደ ፈቃደኛ ሠራዊት የተሸጋገረችው በ1973 ነው። በ2022 የበጀት ዓመት ምድር ጦሩ 60,000 አዳዲስ ወታደሮችን ለመመልመል አቅዶ 15,000 ያህል ጎደለው፤ ከአራት ቦታ አንዱ ባዶ ቀረ ማለት ነው። በተከታዩም ዓመት ዕቅዱን ሳያሳካ ቀረ። በ2024 ግቡን ወደ 55,000 ዝቅ አድርጎ አሟላ፤ በ2025 ደግሞ 61,000 የሚለውን ግብ የበጀት ዓመቱ ሊጠናቀቅ አራት ወራት ያህል ሲቀሩት ደረሰበት። የአንድ ሕዝብ የአገር ፍቅር በሁለት ዓመት ወድቆ በሁለት ዓመት የሚነሣ ነገር ስላልሆነ፣ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል።

አንደኛው ምክንያት መሥፈርቱን የሚያሟላው ወጣት ቁጥር አነስተኛ መሆኑ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2020 ባካሄደው ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 24 ከሆኑ ወጣቶች መካከል ያለ ልዩ ፈቃድ ለመቀጠር የሚበቁት 23 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ከሚጥሏቸው ምክንያቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚነት፣ የአካልና የአእምሮ ጤና ችግር ይገኙበታል፤ በብዙዎቹም ላይ ከአንድ በላይ ምክንያት ተደራርቦ ይገኛል። ብቁ ከሆኑት ላይ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያመሩትንና ውትድርናን ፈጽሞ አስበውት የማያውቁትን ስንቀንስ፣ መልማዩ መኮንን በእርግጥ ሊያነጋግረው የሚችለው ወጣት እጅግ ጥቂት ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም ሲነገርለት አይሰማም፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ክብደት እሰጠዋለሁ። ወጣቱ ወታደር የሚሆነው ባብዛኛው ወታደር የሚያውቅ ሲሆን ነው፤ አባቱ፣ አክስቱ ወይም የጎረቤቱ ልጅ መለዮ ለብሶ ያየ ልጅ የውትድርናን ኑሮ ከነችግሩ ያውቀዋል፤ ያላየው ደግሞ የሚያውቀው ከፊልምና ከዜና ነው፤ ዜናውም ስለ ሞት፣ ስለ አካል ጉዳትና ስለ ጦርነት ጠባሳ የሚያወራ ነው። በአሜሪካ በ1980 ከአዋቂው ሕዝብ 18 በመቶ ያህሉ በሠራዊት ያገለገለ ሲሆን በ2022 ይህ ድርሻ ወደ 6 በመቶ ወርዷል። የግዳጅ ምልመላ በነበረበት ዘመን ያገለገለው ትውልድ እያለፈ በሄደ ቁጥር ልጁን ስለ ሠራዊት የሚያጫውት ቤተሰብም አብሮ እየተመናመነ ይሄዳል። በዚህ ላይ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መልማዮች ከተማሪዎች ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ሲያቅታቸው፣ ወዲያውም የሲቪሉ የሥራ ገበያ ሠራተኛ አጥቶ ደመወዝ መጨመር ሲጀምር፣ የ2022 ውጤት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መገመት ይቻል ነበር።

በጃፓን ያለው ችግር ከዚህ ለየት ይላል። የአገሪቱ የራስ መከላከያ ኃይል በ2018 የምልመላ ዕድሜ ጣሪያውን ከ26 ወደ 32 ከፍ ቢያደርግም፣ በ2023 የበጀት ዓመት ያገኘው ሰው ካቀደው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። እዚያ የጎደለው ከሁሉ በፊት ወጣቱ ራሱ ነው፤ ያልተወለደን ልጅ ደግሞ በማስታወቂያ መመልመል አይቻልም።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ የእህቴ ልጅ የዚያችን አገር ጦር ለመቀላቀል ካመለከተ ዓመት ሊሞላው ነው። ልጅ ሳለ የአስም መድኃኒት ታዝዞለት ነበርና ማስረጃ አምጣ ይሉታል፤ ሲያመጣ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ይጠይቁታል። ሰው አጣሁ የሚል ተቋም ደጁ ላይ የቆመውን ልጅ እንዲህ የሚያጉላላው ለምንድን ነው? ልጁስ ምን ቢያደርግ ይሻለዋል? (የልጁ ጉዳይ ያሳሰባቸው አጎት)

መልስ፦ ያነሡት ነገር ብዙዎቹ ሠራዊቶች ለማመን የዘገዩበት እውነት ነው። እጥረቱ የሚፈጠረው አመልካች በመጥፋቱ ብቻ ሳይሆን፣ የመጣው አመልካች በር ላይ ቆሞ ተስፋ ቆርጦ በመሄዱም ጭምር ነው።

ብሪታንያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ምድር ጦሯ በ2012 የምልመላውን ሥራ ከአንድ የግል ኩባንያ ጋር በሽርክና ለማካሄድ ውል ገብቶ፣ በየከተማው ከነበሩት የምልመላ ጽሕፈት ቤቶች ወደ ግማሽ የሚሆኑትን ዘጋ፤ ወታደሮቹንም ወደ ክፍላቸው መልሶ ሥራውን በኮምፒዩተርና በስልክ እንዲከናወን አደረገ። የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ሪፖርት እንዳሳየው፣ ውሉ ከተፈረመ ወዲህ በየዓመቱ ዕቅዱ ሳይሳካ ቀርቷል፤ ማመልከቻ ካስገቡት ግማሽ ያህሉ መሠረታዊ ሥልጠና እስኪጀምሩ ድረስ እስከ 321 ቀናት ፈጅቶባቸዋል፤ በ2017/18 ደግሞ 47 በመቶ የሚሆኑት አመልካቾች በገዛ ፈቃዳቸው አቋርጠው ወጥተዋል። እነዚህ ሰዎች ውትድርናን ጠልተው ሳይሆን ኑሮ ስለማይጠብቅ የሄዱ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ደብዳቤ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚቀጥረው መጋዘን ወይም የግንባታ ድርጅት ያገኛል።

ወደ አስሙ ጉዳይ ስንመለስ፣ ነገሩ ወዲህ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ የጤና ምርመራው በዋነኛነት የሚመካው አመልካቹ ራሱ ሞልቶ በሚፈርምበት ቅጽ ላይ ነበር። በአሜሪካ ደንብ 13 ዓመት ከሞላው በኋላ የአስም ታሪክ ያለው አመልካች ያለ ልዩ ፈቃድ አይቀጠርም። ይሁንና በ14 ዓመቱ ለሳል አንድ የሚነፋ መድኃኒት የታዘዘለት ልጅ ነገሩን ረስቶትም ይሁን ብልህ መልማይ «ይህን ባትጽፈው ይሻላል» ብሎት ሳይጽፈው ያልፍ ነበር፤ ሮጦና ዘሎ ፈተናውን ካለፈ ማንም አይጠይቀውም ነበር። በ2022 ግን የአሜሪካ የምልመላ ጣቢያዎች ጄኔሲስ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ሥርዓት መጠቀም ጀመሩ። ሥርዓቱ የአመልካቹን የቀድሞ የሕክምናና የመድኃኒት ቤት መረጃ አሰባስቦ ሐኪሙ ፊት ያቀርባል። ከዚያ ወዲያ ያች አንዲት የመድኃኒት ማዘዣ ተገኝታ ማብራሪያ ትጠየቅባታለች፤ የሳንባ ምርመራ ይታዘዛል፣ የድሮው ሐኪም ማኅደር ይፈለጋል፣ ልዩ ፈቃድ ለመስጠት ሥልጣን ያለው አካል ዘንድ ወረቀቱ ይላካል፣ ወረቀቱም ተራ ይጠብቃል።

የድሮው አሠራር በውሸት ላይ የቆመ ስለነበረ ይመለስ ማለት አይቻልም፤ ታሞ ሳለ ጤነኛ ነኝ ብሎ የገባ ወታደር ራሱንም ጓዶቹንም ለአደጋ ያጋልጣል። ነገር ግን ደንቡ ጥብቅ ሆኖ ሊዘልቅ የቻለው ብዙ ሰው ስለማያከብረው እንደነበረ ግልጽ ነው። ውሸቱን ያስቀረ ተቋም ደንቡንም አብሮ መመርመር ነበረበት፤ ይህን የሠራው ግን ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2022 በሙከራ ደረጃ በጀመረው አሠራር፣ ሕክምናው ካበቃ የተወሰነ ዓመት ያለፈው ከሆነ በ38 የጤና ሁኔታዎች ልዩ ፈቃድ መጠየቅ እንዳያስፈልግ ወስኗል፤ ዝርዝሩም ኋላ ላይ ሰፍቷል። ብሪታንያም በ2024 ጊዜ ያለፈባቸውን ከመቶ በላይ የምልመላ መሥፈርቶች እንደምታስቀር ገልጻ፣ ለአመልካቹ በ10 ቀን ውስጥ ቅድመ ሁኔታ ያለው የቅጥር ምላሽ፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ሥልጠና የሚጀምርበትን ቀን ለማሳወቅ ግብ አስቀምጣለች።

የእህትዎን ልጅ በተመለከተ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መልማዩን የሚፈለጉትን ማስረጃዎች ዝርዝር በሙሉ አንድ ላይ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት መመላለስ ወራት የሚበላው እንዲህ ካልተደረገ ነው። የሕፃንነት ሐኪሙን ማኅደር ሙሉ ግልባጭ ያውጣ፤ መድኃኒቱ መቼ እንደቆመ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዚያው ያስጽፍ፤ የሳንባ ምርመራውን እስኪታዘዝለት ሳይጠብቅ ከቻለ አስቀድሞ ያሠራ። ማንም «ደብቀው» ቢለው አይስማ፤ መዝገቡ ተገኝቶ መደበቁ ከታወቀ ጉዳዩ የጤና መሆኑ ቀርቶ የሐሰት ማስረጃ ጉዳይ ይሆናል። እስከዚያው ግን ሥራውንም ትምህርቱንም አያቋርጥ።

ጥያቄ፦ ሰው ከጠፋ መሥፈርቱን ዝቅ ማድረግ ምን ክፋት አለው? (ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ አንባቢ)

መልስ፦ የትኛው መሥፈርት እንደሚነካ ይወስነዋል። ንቅሳት ያለበትን ወይም ዕድሜው 40 የደረሰን ጤነኛ ሰው መቀበል ብዙ ጉዳት የለውም፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2022 የዕድሜ ጣሪያውን ከ39 ወደ 41 ያሳደገው ይህን አስቦ ነው። የአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤትን ዝቅ ማድረግ ግን በቬትናም ጦርነት ጊዜ ተሞክሮ መራራ ትዝታ ትቶ አልፏል። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ በ1966 ባስጀመሩት «ፕሮጀክት 100,000» በተባለ መርሐ ግብር ቀድሞ በፈተና ይወድቁ የነበሩ ከ300,000 በላይ ሰዎች ሠራዊቱን እንዲቀላቀሉ ተደርጓል። ለሰዎቹ ሙያ እናስተምራቸዋለን የሚል የበጎ አድራጎት ቃል ተሰጥቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ያገኙት ጠመንጃና የግንባር ምድብ ነው።

ከዚህ የሚለየውና እኔም የምደግፈው መንገድ ደረጃውን ሳይነኩ ሰውየውን ወደ ደረጃው ማድረስ ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር በነሐሴ 2022 በደቡብ ካሮላይና በሚገኘው ፎርት ጃክሰን የዝግጅት ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ በውፍረት ወይም በፈተና ውጤት ለጥቂት የወደቁ አመልካቾችን እስከ 90 ቀናት ድረስ እያሠለጠነ ዳግም እንዲፈተኑ ያደርጋል። በ2024 ከተመለመሉት ወደ ሩብ የሚጠጉት በዚህ በኩል ያለፉ ናቸው፤ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያነሣነው የቁጥር ማንሠራራት አንዱ ምንጭም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ዘመኔን በሠራዊት ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በወረቀት ሙሉ የተባለ ሻምበል ለግዳጅ ሲሰለፍ ግማሽ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ነበር። ጋዜጦች ስለ ምልመላ ብቻ ሲጽፉ አነባለሁ፤ እጥረት ያለበት ክፍል ውስጥ በየዕለቱ ምን እንደሚሆን ግን የሚጽፍ አላየሁም። ደግሞስ አዲስ ምልምል ቢገኝ ክፍተቱ በእርግጥ ይሞላል? (ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ)

መልስ፦ ሃምሳ አለቃ፣ የመጨረሻው ጥያቄዎ ለሚኒስትሮች ሊቀርብ የሚገባው ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ወረቀቱ እንነጋገር። አንድ ክፍል ሦስት ዓይነት የሰው ቁጥር አለው፤ መዋቅሩ የሚፈቅድለት፣ በደመወዝ መክፈያው ላይ ያለውና ዛሬ ማለዳ ታጥቆ መውጣት የሚችለው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ልዩነት የሚሞሉት ጉዳት የደረሰባቸው፣ ኮርስ ላይ ያሉት፣ ለሌላ ክፍል በውሰት የተላኩትና መልቀቂያ የሚጠባበቁት ናቸው። አለቆች ለበላይ አካል የሚያሳውቁት ደስ የሚለውን ቁጥር ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ሦስተኛው ቁጥር ነው።

በየዕለቱ ምን እንደሚሆን ከባሕር ላይ አንድ ምሳሌ ላንሣ። በ2017 ጃፓን ላይ የሰፈሩ ሁለት የአሜሪካ የጦር መርከቦች በሁለት ወር ልዩነት ከንግድ መርከቦች ጋር ተጋጭተው 17 መርከበኞች ሞቱ፤ በሰኔ ፊትዝጀራልድ ላይ 7፣ በነሐሴ ደግሞ በሲንጋፖር አቅራቢያ ጆን ኤስ ማኬን ላይ 10። ማኬን ላይ የሆነው በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። መርከቧ እጅግ በተጨናነቀ የባሕር መተላለፊያ ውስጥ ጎሕ ሳይቀድ ስትጓዝ፣ አዛዡ መሪውን የያዘው መርከበኛ ሥራ እንደበዛበት አይቶ የፍጥነቱ መቆጣጠሪያ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ እንዲዛወር አዘዘ። በዝውውሩ ላይ ስሕተት ተሠራና ከፍጥነቱ ጋር መሪውም አብሮ ተዛወረ፤ መሪ ያዡም መሪ እንደጠፋ ለአለቆቹ አስታወቀ። መሪው አልጠፋም ነበር፤ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ደቂቃዎች ሳያልፉ መርከቧ ወደ ግራ ታጥፋ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ፊት ገባች። በኋላ በተደረገው ምርመራ እንደተገለጸው፣ በዚያ ሰዓት መርከቧ ከምትመራበት ክፍል (ድልድይ ከሚባለው) ላይ ተረኛ ከነበሩት መካከል አንቲየታም ከተባለች ሌላ መርከብ በጊዜያዊነት የተዛወሩ መርከበኞች ነበሩ፤ የዚያች መርከብ የመሪ አሠራር ከማኬን የሚለይ ሆኖ ሳለ በአዲሱ ላይ በቂ ሥልጠና አልተሰጣቸውም።

ለአደጋው የሰው እጥረት ብቻ ምክንያት ነው ብል ልክ አይሆንም፤ የሥልጠናና የአመራር ጉድለትም በሪፖርቶቹ ላይ በስፋት ተጠቅሷል። ነገር ግን ከሌላ ቦታ ሰው ተውሶ ክፍተት መሙላት፣ የተበደሩትን ሰው ሳያሠለጥኑ ተረኛ ማድረግ፣ የቀረውን ሰው ደግሞ እንቅልፍ እስኪነሡት ማሠራት እጥረት ያለበት ክፍል የዘወትር ኑሮ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ራሱ በ2014 ያካሄደው ጥናት መርከበኞች መደበኛው በሳምንት 80 ሰዓት ሆኖ ሳለ 108 ሰዓት በሥራ ላይ እንደሚውሉ አሳይቶ ነበር፤ በቀን ከ15 ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። እንዲህ የሚሠራ ሰው ውሉ ሲያልቅ የሚያድሰው ለምንድን ነው? እሱ ሲወጣ የእሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ይደረባል፤ ከእነርሱም ሌላው ይወጣል። እጥረት እጥረትን ይወልዳል የሚባለው ይህ ነው።

አዲስ ምልምል ክፍተቱን ይሞላ እንደሆነ ለጠየቁኝ፣ የታችኛውን ይሞላል፤ የመካከለኛውን ግን አይሞላም። ሠራዊት ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚለየው በዚህ ነው። አንድ ባንክ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ቢጎድልበት ከሌላ ባንክ ይወስዳል፤ ሠራዊት ግን አሥር ዓመት ያገለገለ ሃምሳ አለቃ ቢጎድልበት ማስታወቂያ አውጥቶ ሊቀጥር አይችልም። ሃምሳ አለቃውን ሊያገኝ የሚችለው ከአሥር ዓመት በፊት ተራ ወታደር አድርጎ ከቀጠራቸው፣ ካሠለጠናቸውና እስካሁን ካልሄዱበት ሰዎች መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተጓደለ የምልመላ ዓመት ነገ የአሥር አለቃ፣ ከነገ ወዲያ የሃምሳ አለቃ እጥረት ሆኖ በመዋቅሩ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያ የዕድሜ ክልል ጡረታ እስኪወጣም ድረስ ክፍተቱ ይኖራል። በጀት ለመቆጠብ ሲባል ለሁለትና ለሦስት ዓመት ምልመላ የሚቀንስ መንግሥት ይህን ዕዳ ለሚቀጥሉት መንግሥታት እያስተላለፈ መሆኑን የሚያስብ አይመስልም።

በዚህ የተነሣ የገንዘቡ አከፋፈል ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የአሜሪካ ምድር ጦር በ2022 ለስድስት ዓመት ለሚፈርሙና ተፈላጊ ሙያ ለሚመርጡ አዲስ ገቢዎች እስከ 50,000 ዶላር የመፈረሚያ ጉርሻ አቅርቧል። ወጣቱን ወደ በር ለማምጣት ይረዳል። ነገር ግን ስምንት ዓመት ያገለገለች፣ ራዳር መጠገን የምታውቅ፣ ሁለት ልጆች ያሏት ቴክኒሺያን ለመቆየት የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ጣሪያው የማያፈስ የቤተሰብ መኖሪያ፣ በየሁለት ዓመቱ የማይቋረጥ የልጆች ትምህርት፣ ባሏም ሥራ የሚያገኝበት ምድብ። በአየር ኃይል በኩል ነገሩ በገንዘብ ሲሰላ ይበልጥ ይታያል። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2019 ባወጣው ስሌት፣ አንድ የተዋጊ ጄት አብራሪ መሠረታዊ ብቃት ላይ እስኪደርስ እንደ አውሮፕላኑ ዓይነት ከ5 ሚሊዮን እስከ 10 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ይፈሳል። የንግድ አየር መንገድ ያንኑ አብራሪ ሠልጥኖ ያገኘዋል፤ የተሻለ ደመወዝ ከፍሎም ማታ ቤቱ የሚያድርበት ቀን ያበዛለታል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚበዛ የግዳጅ ውትድርናን መልሶ ማወጅ አይቀልም? (የሕግ ተማሪ)

መልስ፦ ማወጁ ይቀላል፤ ማስፈጸሙ ነው ከባዱ። ጀርመን በ2011 የግዳጅ ውትድርናን ስታቆም ሕጉን ብቻ አይደለም ወደ ጎን ያስቀመጠችው፤ ወጣቶችን የሚመዘግቡትንና የሚመረምሩትን ጽሕፈት ቤቶች ዘግታለች፤ ብዙ የጦር ሰፈሮችንም ለሲቪል አገልግሎት አስተላልፋለች። አሁን ወደ 180,000 የሚሆነውን ሠራዊቷን በ2035 ወደ 260,000 ለማድረስ ስትነሣ፣ ምልምሎቹ የሚተኙበት አልጋና የሚመረምራቸው ሐኪም ከሕጉ እኩል ራስ ምታት ሆነውባታል። በታኅሣሥ 2025 ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግም ወዲያውኑ ግዳጅ አላመጣም፤ በ2008ና ከዚያ በኋላ የተወለዱ ወንዶች 18 ዓመት ሲሞላቸው መጠይቅ እንዲሞሉ ያስገድዳል፤ ለሴቶች መሙላቱ በፈቃድ ነው፤ ማገልገሉ ለጊዜው ለሁሉም በፈቃድ ሆኖ ይቆያል።

ከዚህ በፊት ለሃምሳ አለቃው የሰጠሁት መልስ እዚህም ይሠራል። አንድ ዓመት አገልግሎ የሚሄድ ግዳጅ ወታደር የሚያሠለጥነው ይፈልጋል፤ አሠልጣኙ ደግሞ እጥረት ካለበት ክፍል ተነሥቶ የሚመጣ አሥር አለቃ ወይም ሃምሳ አለቃ ነው። እናም ግዳጁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያባብሰው ራሱን የጎደለውን የሰው ዓይነት ነው። ጥቅሙ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ይኸውም በተጠባባቂ ጦር ብዛትና ካገለገሉት መካከል ወድደው ለመቆየት በሚፈርሙት በኩል።

ከሁሉም የስዊድን አካሄድ ብልህ ይመስለኛል። በ2010 የተወችውን ግዳጅ በ2018 ለሁለቱም ጾታ መልሳ ስትጀምር ሁሉንም አልጠራችም፤ 18 ዓመት የሚሞላቸው ሁሉ መጠይቅ ይሞላሉ፣ ከእነርሱ የተወሰኑት ለፈተና ይጠራሉ፣ ከተፈተኑትም ጥቂቶቹ ብቻ ይመረጣሉ፤ በምርጫውም የወጣቱ የራሱ ፍላጎት ይታያል። ጥቂቶች ብቻ ስለሚመረጡ መመረጡ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ማዕረግ መታየት ጀምሯል። ግዳጅ ግን ከሥነ ሕዝብ በላይ ኃይል የለውም። ደቡብ ኮሪያ ወንዶችን ሁሉ የምትጠራ አገር ናት፤ በምድር ጦር ያለው አገልግሎት 18 ወር ነው። የወሊድ ምጣኔዋ ግን በ2023 አንዲት ሴት በአማካይ 0.72 ልጅ እስከመውለድ ወርዷል፤ ቀድሞ ከ600,000 በላይ የነበረው ሠራዊቷም ዛሬ ከ500,000 በታች ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህ አገሮች የውጭ ዜጋ ይቀጥራሉ? አንድ ደላላ ልላክህ ብሎኛል። (ሥራ ፈላጊ ወጣት)

መልስ፦ አንዳንዶቹ ይቀጥራሉ፤ ሁሉም የራሳቸው ገደብ አላቸው። አሜሪካ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውን ሰው በተራ ወታደርነት ትቀበላለች፤ መኮንን ለመሆንና ምስጢር ነክ በሆኑ ሙያዎች ላይ ለመመደብ ግን ዜግነት ያስፈልጋል፤ ያገለገለ ሰው ዜግነት የሚያገኝበት የተፋጠነ መንገድም አለ። ካናዳ ከ2022 ጀምሮ ለቋሚ ነዋሪዎች በሯን ከፍታለች። ብሪታንያ የኮመንዌልዝ (ባብዛኛው የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ያሉበት ማኅበር) አባል አገሮችን ዜጎች ትቀበላለች፤ ከ2018 ወዲህም አምስት ዓመት አገሯ ውስጥ የመኖር ግዴታውን አንሥታለች። አውስትራሊያ ለኒውዚላንድ፣ ለብሪታንያ፣ ለአሜሪካና ለካናዳ ዜጎች ዕድሉን የሰጠችው አስቀድመው የአውስትራሊያ ቋሚ ነዋሪነት ላገኙት ነው። የማንኛውንም አገር ዜጋ የሚቀበለው በ1831 የተመሠረተው የፈረንሳይ የውጭ ሌጌዎን ሲሆን፣ አመልካቹ ራሱ ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ መቅረብ አለበት።

ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ ደላላ ቦታ የለውም፤ ማመልከቻ ለማስገባትም ክፍያ አይጠየቅም። በሩሲያና በዩክሬን ጦርነት በርካታ የኔፓል ወጣቶች በደላሎች አማካይነት ሄደው ግንባር ላይ ከሞቱ በኋላ፣ የኔፓል መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ ለሁለቱም አገሮች የሥራ ፈቃድ መስጠት አቁሟል። ሰውየው ገንዘብ ከጠየቀህ፣ ፓስፖርትህን ልያዝልህ ካለህ ወይም በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል ካቀረበልህ አትፈርም።